ሥዕል አይገባኝም ለምትሉ፦ መጀመሪያ በምን እንደተሠራ እዩ

ኤግዚቢሽን ሲከፈት የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ሰው ይገባል፣ ሥዕሎቹን እያየ ቶሎ ቶሎ ያልፋል፣ አንዱ ደማቅ ሥዕል ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ውልቅ። እንዴት ነበር ስትሉት «አሪፍ ነው፣ ግን እኔ ሥዕል ብዙም አይገባኝም» ይላችኋል። እኔ ይሄን አላምንም። የቀሚስ ጥለት ላይ አንድ ክር ስትሳሳት የምታውቅ እናት፣ ስፌት አይታ ሐረር ነው ጎንደር ነው የምትል አክስት ባለችበት አገር ዓይን የለንም ማለት ቀልድ ነው።

ችግሩ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። ሁላችንም በሩን ስንገባ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብለን እንጀምራለን። ለዚህ ሰዓሊው ራሱ አጭር መልስ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩት። «በምን ተሠራ?» በሉ። ሸራ ነው፣ ቆዳ ነው፣ ሽቦ ነው፣ እንጨት ነው? ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም። ደግሞ የኛ አገር ሰዓሊ ቁሱን ሲመርጥ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ምን እንዳስጨነቀው ግማሹን ነግሯችኋል። «ምን ማለት ነው» የሚለው ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ባይመጣም ብዙ አይቀርባችሁም።

ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ከጎን

ማንኛውንም ሥራ ከሦስት ቦታ እዩት። መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ከዚያ እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምራችሁ (ይሄ ዋና ነው፣ አትንኩ) እስከሚፈቀድላችሁ ድረስ ተጠጉ። በመጨረሻ ወደ ጎን ሄዳችሁ አግድም ተመልከቱ። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ ይሄዳል።

የኤልያስ ስሜን ሥራ ውሰዱ። ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ፤ የዛሬው «አለ ፈለገ ሰላም» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተማረ። «ታይትሮፕ» (የተወጠረ ገመድ) በሚል ርዕስ ለዓመታት የሠራቸውን ትልልቅ ሰሌዳዎች ከሩቅ ስታዩአቸው ከአውሮፕላን መስኮት የታየ ማሳ ይመስላሉ፤ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ መሃል ላይ ወንዝ የሚመስል ነገር የሚጠማዘዝበት። ትጠጋላችሁ። ማሳው ሽቦ ነው። ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ቀይና ሰማያዊ ሽፋኑ እንዳለ፣ ልክ ሹሩባ እንደሚሠራ ተጎንጉኖ፣ ጉንጉኑ ከጉንጉን ጎን ተደርድሮ። ሌላው ጋ የኮምፒዩተር ኪቦርድ ቁልፎች አሉ፤ ሌላው ጋ ከተፈታታ ማሽን የወጣ የሰርኪዩት ሰሌዳ። አሁን ወደ ጎን ሂዱ። ጠፍጣፋ የመሰላችሁ ነገር ኮረብታና ሸለቆ አለው፣ ጥላ ይጥላል።

በቃ፣ ማንም ሳያስረዳችሁ ብዙ ነገር ገባችሁ። ይሄ ሰው ሌላ የጣለውን ይሰበስባል። ለዚህ ደግሞ ከመርካቶ፣ በተለይ ከምናለሽ ተራ፣ የተሻለ ቦታ የለም። ሥራው የብዙ እጅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ሰው ለሰው የተገናኘበት ሽቦ አገልግሎቱ ሲያልቅ የት እንደሚገባ ያስባል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራዎቹ ቬኒስ ቢያናሌ ላይ (በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ነው) ሲታዩ የውጭ ጸሐፊዎች ብዙ ፍልስፍና ጻፉ። ጥሩ ነው፤ ግን ሽቦውን ቀርቦ ያየ ሰው ዋናውን ነገር ቀድሞ አግኝቶታል።

በነገራችን ላይ የስልክ ካሜራ ይሄን ሁሉ ይገድለዋል። ከፍታና ዝቅታውን አስተካክሎ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ፎቶ አንሱ፣ ማን ከለከለ፤ ግን ካያችሁ በኋላ ይሁን።

መግለጫዋን ወረቀት እንዴት ማንበብ

ከሥራው አጠገብ ትንሽ ወረቀት አለች። ስም፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ ቁስ፣ መጠን። ብዙ ሰው ርዕሱን አንብቦ ይተዋል። እናንተ ቁሱ ላይ ቆዩ። «ዘይት ቀለም በሸራ»፣ «አክሪሊክ በሸራ»፣ «የእንጨት ህትመት» ካለ ጥሩ፣ ነገሩን አወቃችሁት። «ሚክስድ ሚዲያ» ካለ ግን አትቀበሉት። ይሄ ቃል ምንም አይነግራችሁም። ወጥ ውስጥ ምን አለ ስትባሉ «የተደባለቀ ነገር» እንደማለት ነው። አስተናጋጁን ጠይቁ፣ ሰዓሊው ካለም እሱኑ፦ ምንና ምን ነው የተቀላቀለው?

ኤፍሬም ሰለሞንን ብትወስዱ እንዲህ መጠየቅ ያዋጣል። ሥራው የእንጨት ቅርጽና ሌላ ሌላ ቁስ የተዋሃደበት ነው። ወንበርና ነጠላ ጫማ ደጋግመው ይመጣሉ። እንጨቱን በስል ብረት ፈልፍሎ ስለሚሠራ መስመሩ በብሩሽ እንደተሳለ መስመር አይለሰልስም፤ ይቆርጣል። ፊቶቹ ላይ የምታዩት ጥንካሬ ግማሹ የመሣሪያው ነው። ይሄን ሳታውቁ «ለምንድነው እንዲህ የተኮሳተሩት?» ብላችሁ ሰዓሊውን ስለ ኀዘኑ ልትጠይቁት ትችላላችሁ።

ብራና

የኛን ሥዕል ከቁሱ ጀምሮ ማየት ለሚፈልግ ብራናን መዝለል አይቻልም፤ ዘመናዊዎቹም ዞረው ዞረው እዚያው ይመለሳሉ። ስለዚህ እዚህ ትንሽ እንቆይ።

ብራና የፍየል፣ የበግ ወይም የጥጃ ቆዳ ነው፤ ግን አልለፋም። ቆዳ ሲለፋ ጫማና ቀበቶ ይሆናል። ብራና ፋቂው ግን ቆዳውን ለቀናት ውኃ ውስጥ ያሳድረዋል፣ ከዚያ በእንጨት ፍሬም ላይ በገመድ ይወጥረዋል፣ ሥጋና ስቡን ይፍቃል፣ በድንጋይ ያሻል፣ ፀጉሩን ያነሳል፣ እንደተወጠረ ያደርቀዋል። ስስ፣ ጠንካራና ነጭ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። ጸሐፊው ደግሞ በወስፌ ጠርዙን ይወጋጋል፣ መስመሩን ያሰምራል፣ ከዚያ የመቃ ብዕሩን ያነሳል።

እውነተኛ ብራና ሲያጋጥማችሁ ሁለቱንም ገጽ እዩ። ፀጉር የነበረበት ገጽ ትንሽ ቢጫ ይላል፣ ቀርባችሁ ስታዩት የፀጉሩ ቀዳዳ እንደ ነጠብጣብ ተሰባስቦ ይታያል። ሥጋ የነበረበት ገጽ ነጣ ያለና ለስላሳ ነው። አንዳንዱ ቅጠል ላይ ደግሞ የተሰፋ ቀዳዳ ታገኛላችሁ፤ ሲፋቅ የተበሳውን ፋቂው በጅማት ወይም በክር ጠቅሞታል። ጸሐፊውም ቀዳዳውን ዞሮት ጽፏል። እኔ ከሥዕሉ እኩል የማየው ይሄንን ነው።

ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻ፣ ካረረ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ተዘጋጅቶ ለወራት የሚቀመጥ ነው። ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለአርዕስት ይውላል። ስለ ሥዕሎቹ ቀለም ግን አንድ ነገር ላስተካክል። አስጎብኚው ሁሉ «ከአበባና ከቅጠል የተሠራ» ይላችኋል። የአገር ውስጥ ዕፅዋትና አፈር ሥራ ላይ መዋላቸው እርግጥ ነው። ነገር ግን የድሮ ብራናዎች ሲመረመሩ ከሜርኩሪ የሚገኝ ቀይ፣ ኦርፒመንት የሚባል የአርሴኒክ ቢጫ፣ ሰማያዊ ላይ ደግሞ ኢንዲጎ (እሱስ ከዕፅዋት ነው) ተገኝቷል። ከእነዚህ ውስጥ በንግድ ባሕር ተሻግሮ የመጣ አለ። ማለትም የዛሬው ሰዓሊ አክሪሊክ ከውጭ ማስመጣቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ የድሮውም ጥሩ ቀለም ሲያገኝ አልተወም።

ከብራናው ወጥታችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስትሄዱ ቁሱ ይቀየራል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ ሰዓሊ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይሥል ነበር፤ ሥራው ጣና ደሴት ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አልተሣለም። ጨርቅ ላይ ተሥሎ ጨርቁ በሙጫ ተለጥፏል። ጠርዙን ብታዩ ጨርቁ የተነሳበት ቦታ አይጠፋም። ከዚያ ደግሞ ዓይኖቹን ቁጠሩ። ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይቀረዋል። ይሄን ካወቃችሁ በኋላ የዓድዋ ሥዕሎችን እዩ፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ፣ ከታች ሁለቱ ጦር። ጣሊያኖቹ ለምን በጎን እንደተሣሉ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል።

ሸራና ቱቦ ቀለም

አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው ተመልሰው፣ በ1950 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙ ወዲህ ዘይት ቀለምና ሸራ የብዙ ሰዓሊዎቻችን ዋና ቁስ ሆኗል። ይሄ ክፍል አጭር ነው፤ ሆኖም ጥቂት ነገር ማወቁ ይጠቅማል።

አክሪሊክ በውኃ ይቀጥናል፣ ቶሎ ይደርቃል። ዘይት ቀለም ግን ሲነኩት እስኪደርቅ ቀናት፣ አንዳንዴ ሳምንታት ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ዘይት የሚሠራ ሰው ፊትን ሲያዋህድ፣ ጥላውን ከብርሃኑ ጋር ሲያቀልጥ ጊዜ አለው። አክሪሊክ የሚሠራው ደግሞ በላይ በላይ ይደራርባል፣ ጠርዙ ጥርት ይላል። ሥዕሉ ፊት ቆማችሁ «ቀለሞቹ ተዋህደዋል ወይስ ተደራርበዋል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ሁልጊዜ ባይሠራም ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ከቻላችሁ የሸራውን ጀርባ እዩ፤ ስቱዲዮ ውስጥ ስትሆኑ ሰዓሊውን አስፈቅዳችሁ። ጀርባው አይዋሽም። ፋብሪካ ያዘጋጀው ሸራ ነው ወይስ ጨርቅ ገዝቶ ራሱ ወጥሮ፣ ራሱ ነጭ መሠረቱን ቀብቶ የሠራው? መሠረት ያልተቀባ ጨርቅ ዘይቱን ይመጠውና ከጊዜ ብዛት ይበላሻል፤ ስለዚህ ይሄ የቁንጅና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥሩ ቱቦ ቀለም ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋውም መገኘቱም ሰዓሊውን ያስጨንቃል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ሻንጣው ውስጥ ቀለም ይታዘዛል። አንድ ሰዓሊ ለሁለት ዓመት ሰማያዊ ብቻ ሠራ ሲሉህ፣ ጥልቅ ትርጉም ከመፈለግህ በፊት ያኔ ምን ቀለም ይገኝ ነበር ብለህ ብትጠይቅ አትከስርም።

መነሻው ከየት ነው?

ወደ መነሻ ሐሳቡ የሚያስገባ አንድ ዘዴ አለ፦ ደጋግሞ የሚመጣውን ፈልጉ። አንድ ሥራ ላይ የታየ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። በአምስት ሥራ ላይ ከመጣ ግን ሰዓሊው ሊተወው ያልቻለ ነገር ነው።

ታደሰ መስፍን ላይ ጉልት ቸርቻሪ ሴቶች ናቸው የሚደጋገሙት። ለብዙ ዓመታት ያስተማረ፣ በሶቪየት ኅብረት የተማረ ሰዓሊ ነው፤ የሰው አካል አሣሣል ያውቃል። ግን «የሕይወት ምሰሶዎች» ብሎ በሚጠራው ተከታታይ ሥራው ሴቶቹን የሚያቆማቸው ወለሉና ግድግዳው የት እንደሆነ በማይለይበት ባዶ በሚመስል ቀለም ውስጥ ነው። አንዷ ፊት ትልቅ፣ ሌላዋ ኋላ ትንሽ፣ ሁሉም ቀጥ ብለው። በየቀኑ መንገድ ዳር አልፈናቸው የምንሄደውን ሰዎች እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳን ፊት ለፊት አቁሟቸዋል። ቅድም ስለ ሁለቱ ዓይን ያልኩት እዚህም ይሠራል።

ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ላይ ፊደል ነው። ፊደሉን ለማንበብ ብትሞክሩ ትበሳጫላችሁ፤ ይለጥጠዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ሰው ያደርገዋል፣ ዳንስ ያስይዘዋል። ማንበቡን ተዉትና ቅርጹን ተከተሉ። «ሀ» እግር እንዳላት ያን ጊዜ ይታያችኋል።

እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ ለብቻው ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ፣ ለንደንና ፓሪስ ተማረ፣ ኋላ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ አስተማረ፤ ወሰኔም እዚያው ተምሯል። ፓሪስ ሳለ ከሌሎች የአፍሪካና የካሪቢያን ምሁራን ጋር ተገናኝቷል፤ ሕልም የመሰለ ዓለም የሚሥሉትን የሱሪያሊስቶቹን ሥራም አይቷል። ነገር ግን ሥዕሎቹ ውስጥ የሚያፈጡት ዓይኖች ከጠልሰም ክታብ ያሉ ዓይኖችን ያስታውሳሉ። ክታቡን አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ረጅም ጠባብ ብራና ነው፣ መሃሉ ላይ መረብ የመሰለ ጌጥ፣ ከጌጡ ውስጥ ዓይን። እስክንድር ቆዳና የዛፍ ቅርፊት ጨርቅ ጭምር ሥራው ላይ ያዋለው ለጌጥ አይመስለኝም። ለንደን የተማረውን በሸራ መቀጠል ይችል ነበር።

ዘሪሁን የትምጌታም ከዚሁ ምንጭ ጠጥቷል፤ እሱ ግን የቀርከሃ ፍልጦችን ጎን ለጎን ደርድሮ ይሥልባቸዋል። ከሩቅ አንድ ሥዕል ነው፣ ከቅርብ እያንዳንዱ ፍልጥ የራሱ ክታብ የያዘ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዳካር ቢያናሌ ላይ ተሸልሟል።

ገብረ ክርስቶስ ደስታን ዘግይቼ ያነሳሁት ብዙ ሰው በግጥሙ ስለሚያውቀው ነው። ሐረር ተወልዶ፣ ኮሎኝ ጀርመን ተምሮ፣ ሲመለስ ቅርጽ የሌለው የሚመስል ሥዕል ይዞ መጣና አዲስ አበባን አስደነገጠ። «ጎልጎታ» የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ስቅለት ነው፤ ግን የለመድነው ስቅለት አይደለም። ቀዩን እዩ። ቀለሙ የተቀባበትን መንገድ እዩ፣ እጁ የት እንደቸኮለ፣ የት እንደቆመ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ፎቶውን በስልክ ዓይቶ «ቀይ ብቻ ነው» ያለ ሰው ሄዶ ይቁምበት።

ቁሱ ብርሃን የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥራ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። ባለቀለም መስታወት የሚሠራው ከውጭ በሚገባ ፀሐይ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ያያችሁት ከሰዓት ሌላ ነው። ደመናማ ቀን አትምረጡ። የጉብኝት ሥርዓቱንም ቀድማችሁ አጣሩ፤ ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ነው፣ ዝም ብሎ አይገባም።

ፎቶግራፍም እንደዚሁ። አይዳ ሙሉነህ ካሜራ ብቻ ይዛ አትሄድም፤ የሴቶቹን ፊትና አካል ቀለም ትቀባለች፣ ልብሱን ታዘጋጃለች፣ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊውን ሆን ብላ ታፋጥጣለች። የውኃን ችግር የሚያሳየውን ሥራ ፎቶ ያነሳችው ዳሎል ነው፤ ጨውና ሙቀት ካለበት ቦታ ውኃ የተሸከመች ሴት። «ፎቶ እኮ ነው፣ ምን ቁስ አለው» ለሚል መልሱ እዚያ አለ፦ ቦታው፣ የፊት ቀለሙና ጨርቁ ናቸው ቁሱ።

ሰዓሊው ቤት ስትሄዱ

ኤግዚቢሽን ላይ ያልታየውን ስቱዲዮ ያሳያችኋል። አስቸጋሪ አይደለም፤ አብዛኛው ሰዓሊ ከልቡ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ደስ ይለዋል። ደውሉ፣ ቀን ያዙ፣ በቀጠሮው ሰዓት ድረሱ። በር ላይ «እንደው በዚሁ ሳልፍ» ብሎ ማንኳኳት ዘይት ቀለም እጁ ላይ ላለ ሰው ፈተና ነው። ታላቅ ከሆኑ አንቱታችሁን አትርሱ፤ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ማለትም ሥዕል ከማወቅ በላይ በር ይከፍታል።

ከገባችሁ በኋላ ወዲያው ግድግዳው ላይ ያለውን አትዩ፤ እሱ ለእንግዳ የተዘጋጀ ነው። ጠረጴዛው ላይ ምን አለ? የተጨመቀው ቱቦ የትኛው ቀለም ነው፣ ያልተነካውስ? ብሩሽ ብቻ ነው ወይስ ማንኪያ፣ ቢላ፣ የድሮ የጥርስ ብሩሽ አለ? ግድግዳው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የእናት ፎቶ፣ ቅጠል? ስለ መነሻ ሐሳብ ከሚነገራችሁ ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

ከዚያ ጠይቁ። «ስንት ቀን ፈጀብህ?» አትበሉ፤ ሁሉም ይሄን ነው የሚለው፣ መልሱም አይረባም። «ትርጉሙ ምንድነው?» የሚለውን ቅድም ተስማምተናል። ይልቅ «ይሄን ሽቦ ከየት አመጣኸው?» በሉ። «ይሄ ቀለም ቢጠፋ በምን ትተካዋለህ?» በሉ። «ይሄ ጋ መጀመሪያ ሌላ ነገር ነበር እንዴ?» ብላችሁ የታችኛው ቀለም የሚያጮልቅበትን ቦታ አሳዩት። እንዲህ ስትሉ ሰውየው ወንበር ያቀርብላችኋል። ግድግዳውን ዞረው የተደገፉ ሸራዎች ካሉም ስለ እነሱ ጠይቁ፤ ሊያሳያችሁ ካልፈለገ ተዉት፣ ከፈቀደ ግን የተሳካውን ሥራ የሚያስረዳችሁ ያልተሳካው ነው።

ዝምታ ቢመጣ አትሙሉት። ሰዓሊ የሚናገረው ዝም ካለ በኋላ ነው። ፎቶ ለማንሳት አስፈቅዱ፣ ያላለቀ ሥራ ደግሞ ፈጽሞ አትለጥፉ። የመጀመሪያ ቀን ዋጋ መከራከርም ነውር ነው። መግዛት ካሰባችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ።

የአዲስ አበባ ሰው ከሆናችሁና ሰዓሊ ባታውቁም መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ሂዱ። ኤልያስና መስከረም አሰግድ ያቋቋሙት ነው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ግድግዳው ራሱ ጭቃና ጭድ ነው፤ አያቶቻችን ቤት የሠሩበት ቁስ እዚያ ላይ ጌጥና ቅርጽ ሆኗል። ልጆች ይዛችሁ ብትሄዱ ከእናንተ ቀድመው ይገባቸዋል።

ከገዛችሁ

ሥዕል ስትገዙ ቁሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የሰዓሊው ስምና ፊርማ፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ በምን እንደተሠራ፣ መጠኑ። ህትመት ወይም ፎቶ ከሆነ ታች ጥግ ላይ እንደ 3/20 ያለ ቁጥር ፈልጉ፤ ከሃያ ቅጂ ሦስተኛው ማለት ነው። ቁጥር ከሌለው ስንት ቅጂ እንዳለ ጠይቁ፤ መቶ ቅጂ ያለውና አምስት ያለው ዋጋቸው አንድ ሊሆን አይችልም።

«የድሮ ብራና ነው» እየተባለ መንገድ ላይ የሚሸጠውን ተጠንቀቁ። አዲሱን በጭስና በቡና ማጥቆር የታወቀ ነው። እጥፉ ላይ እዩ፦ በእውነት ያረጀ ከሆነ በተደጋጋሚ የታጠፈበት ቦታ ላይ ቀለሙ ይላላጣል፣ ጥቁረቱም ጣት በነካው ጠርዝ ላይ ይብሳል። ሁሉም ቦታ እኩል ከጠቆረ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አጥቁሮታል። እውነተኛ ጥንታዊ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ለውጭ ዘመድ ስጦታ የምትፈልጉ ከሆነ ዛሬ የሚሠራ ሰዓሊ አዲስ ብራና ላይ የሣለውን፣ አዲስ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን ግዙ።

ቤት ስትሰቅሉት ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ግድግዳ ምረጡ። ብራና እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ስለዚህ ኩሽናና መታጠቢያ ቤት አጠገብ አይሆንም። ጋዜጣ የተለጠፈበት ሥራ ይበልጥ ይጠነቀቁለታል፤ የጋዜጣ ወረቀት ብርሃን ሲያገኝ ቶሎ ቢጫ ይሆናል። ቡና የሚፈላበት ጥግ ላይም አትስቀሉ፤ የእጣንና የከሰል ጭስ ቀስ በቀስ ገጹ ላይ ይለጠፋል። አቧራ ሲይዘው በእርጥብ ጨርቅ የሚጠርግ ሰው ቤት ውስጥ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል፤ ቀለሙ እየተላጠ ከሆነ ደግሞ እሱንም ተዉትና ሰዓሊውን ጥሩት።

ያያችሁትን ስትጽፉ

ማስታወሻ ያዙ፣ ስልካችሁ ላይም ይሁን። ቁሱን ቀድማችሁ ጻፉ፣ ስሜታችሁን ቀጥሎ። «አስደማሚ» የምትል ቃል ልትጽፉ ስትሉ ቆም በሉና ምኑ እንዳስደመማችሁ ጻፉ፤ የሽቦው ጉንጉን ከሆነ የሽቦው ጉንጉን በሉ። ሰዓሊው የተናገረውን እና እናንተ የገመታችሁትን ለዩ፣ አለዚያ ከዓመት በኋላ ራሳችሁም ታምታታላችሁ። ዓመት ስትጽፉ ደግሞ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሩ። ግማሹ ካታሎግ በእኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ ይጽፋል፣ ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ነው፤ በዚህ ምክንያት አንድ ሥዕል ሰዓሊው ትምህርት ቤት ሳይገባ የሣለው ሆኖ ሲጻፍ አይቻለሁ።